ሚዛን ላይ የተኛው በሬ

የብርጓል በሬዋን አረቄ አጠጥታ ድርጅቱን አዋረደችው ተብሎ የተወራው የሕማማት ሰኞ ነው። ወሬው ከከብት ገበያው ሲነሣ አረቄው አንድ መለኪያ ነበር። ባጃጆቹ ጋ ሲደርስ ጠርሙስ ሆነ፤ ማርያም ሰፈር ሲገባ ደግሞ ጀሪካን። በሬውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ዝም ብሎ የተኛ ነበር፤ ቀጥሎ እያንኮራፋ የተኛ ሆነ፤ ሰው ከስግደት ወጥቶ አጥር ሥር ወገቡን እያሸ ሲያወራ ደግሞ፣ የድርጅቱን ዶክተር በቀንዱ አንሥቶ ሚዛን ላይ ያስቀመጠ በሬ ሆኖ አረፈው። ዶክተሩ ስንት ኪሎ እንደመዘነ እንኳ የሚያውቁ ነበሩ። ስድሳ ሁለት።

በሬው አረቄ አልቀመሰም። የብርጓል አረቄ ታወጣለች እንጂ አታባክንም። ለበሬዎቿ የምትሰጠው አተላውን ነው፤ አተላ ደግሞ አረቄው ተንጠባጥቦ ካለቀ በኋላ የሚቀር ነገር ስለሆነ፣ በሱ የሰከረ ከብት ደምበጫ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። ማንንም አልወጋም። ዛጎል የሚባል፣ ዘጠኝ ክረምት ያረሰ፣ ቀንዱን ከጀርባ ማከኪያነት ላለፈ ነገር ተጠቅሞበት የማያውቅ ጨዋ በሬ ነው። ሚዛን ላይ መተኛቱ ግን እውነት ነው። የብርጓል ከደሙ ንጹሕ ናት ወይ ለሚለው፣ እሱ ትንሽ ይቆየን።

ጊዜው ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። የብርጓል ሃምሳ አምስት ዓመቷ። ባሏ ደምለው ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መሬቱን ለእኩል ሰጥታ እሷ ጓሮዋ ባለው በረት በሬ ታደልባለች። ጥቅምት ላይ ያረጀ የእርሻ በሬ ትገዛለች፤ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ጫንቃው በቀንበር የተላጠ፣ ባለቤቱ ዓይኑን ማየት የሰለቸው ዓይነት። ከዚያ ስድስት ወር አስራ ትቀልበዋለች። ጧት አተላ፣ ቀን ፋጉሎ፣ ወደ ማታ ድርቆሽ። ፋጉሎ ኑግ ለዘይት ተጨምቆ የሚቀረው ነው፤ ሽታው ሰውን ሳይቀር ያስርባል። በየቅዳሜው የበሬውን የጅራት ሥር በእጇ ትጨብጣለች። እጇ ሙሉ ሲሆን፣ "ደረሰ" ትላለች። ሌላ ሚዛን አታውቅም፤ ሌላው ሰውም ከዚያ የተሻለ አያውቅም ነበር። ድሮ ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ በአንድ በሬ ሥጋ ሲካካዱ፣ "የብርጓልን ጥሯት" ይባል ነበር። መጥታ ጅራቱን ትይዝና ትናገራለች፤ ሁለቱም እኩል አኩርፈው ይስማማሉ።

በዓመት ሦስት በሬ ነው የምታደልበው። ሁለቱ ገበያ ይወጣሉ። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የተሻለው፣ የማርያም ሰፈር የፋሲካ ቅርጫ ነው። አሥራ ስምንት ቤት ሆነው አንድ ላይ ያርዳሉ። አሥራ ስምንት መደብ ሥጋ ቅጠል ላይ ይደለደላል። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገዳሙ ጀርባቸውን አዙረው ዕጣ ይጥላሉ፤ ጉበት የደረሰው ይስቃል፣ ያልደረሰው ዕጣው ተጭበረበረ ይላል፤ በዓሉ በዚህ ይከፈታል። ስለ ዋጋ የሚነሣው እህል ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። በፋሲካ ዋዜማ የበሬ ገመድ በአንድ እጁ፣ ብር በሌላው እጁ ይዞ የቆመ የማርያም ሰፈር ሰው የለም። ለዚህም ይሆናል የብርጓል የቅርጫውን በሬ እንደ ገበያ ነገር ቆጥራው የማታውቀው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

ድርጅቱ ደምበጫ የገባው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሥጋ እየበለተ፣ እያቀዘቀዘ፣ ወደ ዐረብ አገር የሚልክ ትልቅ ድርጅት ነው ተባለ። ከሱ በፊት ገበያው የሚያምር ጭቅጭቅ ነበረው። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ የሚመጡ ነጋዴዎች፣ የማርቆስ ሆቴል ቤቶች፣ የባሕር ዳር ሉካንዳዎች፣ አምስት ስድስት ሆነው አንድ በሬ ከበው ይሰዳደባሉ። ሻጭም ዋጋው ካልጣመው በሬውን እየነዳ፣ እነሱን እየረገመ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሳምንት ይወጣል።

ድርጅቱ በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ዋጋ ሰጠ። በጣም ጥሩ። ነጋዴዎቹ መፎካከር አቅቷቸው አንድ በአንድ መምጣት ተዉ። በሁለተኛው ዓመት የገበያውን በረት ከነሚዛኑ ተከራየ። በሦስተኛው ዓመት ከየዘይት መጭመቂያው ፋጉሎውን ጠራርጎ ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ ፋጉሎ የሚያገኘው ከድርጅቱ ጋር ውል የፈረመ ብቻ ሆነ። በአራተኛው ዓመት ዋጋው ወረደ። ለማን አቤት ይባላል? ገዢው አንድ ነው። ሮብ ገበያም ብትወጣ፣ ደብረ ኤልያስም ብትሻገር፣ የምታገኘው ያንኑ ባርኔጣ ነው። ገበያው ጤና ጣቢያ መሰለ፤ ሰው ከብቱን ይዞ ተሰልፎ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል።

ባርኔጣው የአስማማው ነው። አስማማው የዚያው የደምበጫ ልጅ፣ ድሮ ዱላውን እያወዛወዘ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጮህ ደላላ ነበር። አሁን የድርጅቱ ወኪል ሆኖ፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ፣ ድምፅ የማይፈልግ ሥራ አገኘ። የብርጓልን ለማስፈረም የመጣውም ራሱ ነው።

"እትዬ፣ እርስዎ ከፈረሙ ሌላው ይከተላል። የእርስዎን እጅ የማያምን የለም።"

"ካልፈረምኩስ?"

"ካልፈረሙማ ፋጉሎ የለም። በድርቆሽ ብቻ የደለበ በሬ አይተው ያውቃሉ?"

"በወሬ ብቻ የደለበ ሰው እያየሁ ነው" አለች ሆዱን እያየች።

ሳቀ። መሳቅ ይችልበታል። ከዚያ ውሉን አነበበላት፦ የምታደልበውን በሬ ሁሉ ለድርጅቱ ብቻ ታቀርባለች፤ ከአንዱ ፈራሚ በሬ ከቀረ የመላው የሰፈሩ ቡድን ፋጉሎ ይቆማል። "ሁሉ" ሲል የብርጓል ሁለቱን የገበያ በሬዎች አሰበች። የቅርጫው በሬ በሐሳቧም አልመጣም። ፋሲካን ማን ውል ውስጥ ያስገባል? አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። በሳምንቱ ዘጠኝ የሰፈሯ አድላቢዎች የሷን አሻራ አይተው ተከተሏት።

ዛጎልን የገዛችው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ከደብረ ኤልያሱ ገበሬ ከወልደ ሩፋኤል ነው። ሰውየው ገመዱን ሲያስረክባት ትንሽ አመነታ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በኋላ ደበቀኝ እንዳትይ። ይኸ በሬ ገመዱ ከአንገቱ ከወረደ ይተኛል።"

"ደሞ ምን ሆኖ?"

"ምንም አልሆነ። ዘጠኝ ዓመት ከእርሻ ስፈታው ነው የሚያርፈው። ገመድ ወረደ ማለት ለሱ ሥራ አለቀ ማለት ነው። መንገድ ላይ ፈትተሽው ከተኛ ጠበል ብትረጪው አይነሣልሽም። ገመዱን መልሰሽ ስታገቢለት ግን ራሱ ይነሣል።"

የብርጓል ስቃ ተቀበለችው። ቤቷ ከገባ ጀምሮ ገመዱ ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ነገሩን ረሳችው። ዛጎል አተላውን እየጠጣ፣ ፋጉሎውን እየቆረጠመ፣ እስከ ሁዳዴ አጋማሽ የሰው ዓይን የሚያሳርፍ በሬ ሆነ። ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ የጅራቱን ሥር ስትይዝ ጣቶቿ አልገጠሙም። ሃያ ዓመት አደልባ እንዲህ ያለ አልያዘችም። መሪጌታም መጥተው አይተው፣ "ዘንድሮስ ጉበት ላልደረሰውም መጽናኛ አለ" ብለው ሄደዋል።

ሁለቱ የገበያ በሬዎች ቀደም ብለው ለድርጅቱ ገብተዋል። የሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ መልስ አስማማውን በሯ ላይ ቆሞ አገኘችው። ሰው ራሱ ላይ የሚያስረውን የዘንባባ ቀለበት እሱ ባርኔጣው ላይ አስሮታል።

"እትዬ፣ ሦስተኛው ነገ ይውጣ።"

"ሦስተኛው የቅርጫ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን የደለበ ነው አይደለም እንዴ?"

"እሱማ ደልቧል።"

"የደለበ ሁሉ ይላል ውሉ።"

"አስማማው፣ አንተ ከዚህ ቅርጫ ስንት ዓመት በልተሃል? እናትህ መደብሽን ውሰጂ ስትባል አንተ አይደለህ እንዴ ሰሐኑን ይዘህ የምትሮጠው?"

አንገቱን ደፋ። እውነት ነበር። "እኔ አይደለሁም እትዬ። ኮምፒውተር ላይ ሦስት በሬ ብሎ ተጽፏል። ሁለት ገብቷል። ሦስተኛው ካልገባ የዘጠኙም ሰው ፋጉሎ ነገውኑ ይቆማል። እኔን አይጠይቀኝም፤ ራሱ ነው የሚቆመው።"

የብርጓል ቁጭ አለች። አሥራ ስምንት ቤት በአንድ ወገን፣ አሻራዋን አይቶ የፈረመ ዘጠኝ ሰው በሌላ ወገን። ዛጎል ከበረቱ ውስጥ ያመነዥካል፤ ለየትኛውም ወገን አልሆነም።

"ነገ አመጣዋለሁ" አለች።

ሰኞ ማለዳ ነዳችው። በሩ ላይ የቆሙት ጎረቤቶች፣ "ወዴት ነው?" አላሏትም። ገብቷቸዋል። የብርጓልም መሬት መሬቱን እያየች አለፈች። በረቱ ውስጥ ከብት ሆዱ ባዶ ሆኖ ይመዘን ስለሚባል፣ ዛጎል እስከ ስምንት ሰዓት ያለ ሣር ያለ ውኃ ቆሞ ዋለ። የብርጓልም አብራው ቆመች፤ እሷም ብትሆን ጾመኛ ናት። ስማቸው ሲጠራ ዛጎልን የሚዛኑ ብረት መድረክ ላይ አወጣችው።

"ገመዱን ፍቱት" አለ የሚዛኑ ሠራተኛ ቁጥሩን እያየ። "የገመዱን ኪሎ አንገዛም።"

እጇ ቋጠሮው ላይ ደርሶ ቆመ። የወልደ ሩፋኤል ነገር ትዝ አላት። ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ነበራት። "ከፈታሁት ይተኛል" ብትል ከነገመዱ ይመዝኑት ነበር፤ ያን ያህል ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚዛኑን ሠራተኛ አየችው፤ አስማማውን አየችው፤ ከኋላዋ እስከ መንገዱ የደረሰውን የሰልፈኛ መዓት አየችው። ደከማት። ቋጠሮውን ፈታች፤ ገመዱን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ዝም አለች።

ዛጎል ብረቱን አሸተተ። የፊት ጉልበቶቹን አጠፈ፣ የኋላዎቹን አስከተለ፣ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀና ተኛ።

መጀመሪያ ጅራቱን ጠመዘዙት። ጆሮውን ሳቡት። አንድ ባልዲ ውኃ ደፉበት፤ ዛጎል ጠብታውን ከአፍንጫው ላይ ላሰና ዓይኑን ጨፈነ። አራት ሰው ከሥሩ እንጨት አስገብቶ ሊያነሣው ሲታገል የሚዛኑ ቁጥር በሬውንም ሰዉንም እንጨቱንም አንድ ላይ ደምሮ አሳየ። አስማማው ባርኔጣውን ጥሎ የድሮ የደላላነት ድምፁን አወጣ፤ "ሃይ! ሃይ! ተነሥ አንተ ሐኬተኛ!" ከሰልፉ ውስጥ አንዱ፣ "አስማማው፣ በባጅህ ጥራው!" ሲል ገበያው ፈነዳ። እዚያ በረት ውስጥ ሰው ሲስቅ ከተሰማ ሁለት ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። አረቄው የተወለደውም ያን ጊዜ ነው፤ "የማን በሬ ነው?" "የየብርጓል።" "አረቄ የምታወጣዋ?" "አሃ!"

አንድ ሰዓት ሙሉ ሰልፉ ከቆመ በኋላ የድርጅቱ ዶክተር መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ነጭ ጋዋኑ ከጭቃው ጋር ገና ያልተስማማለት ልጅ ነው። ዛጎልን ዙሪያውን ዞረው።

"እናቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመው?"

"አልታመመም ልጄ። ልማዱ ነው።"

"ልማድ?"

"ገመዱ ሲወርድ ይተኛል። ሥራ ያለቀ ይመስለዋል።"

ልጁ የያዘውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አየው። "ቅጹ ላይ ልማድ የሚል ቦታ የለም" አለ፤ ክፋት አልነበረበትም። "ቆሞ መሄድ የማይችል ከብት ለእርድ ውድቅ ነው።" ጻፈ፤ ማኅተሙን አሳረፈ። "ውድቅ የሆነውን ባለቤቱ ይመልሰዋል።"

የብርጓል ገመዱን ከብብቷ አውጥታ አንገቱ ላይ አገባችለት። ዛጎል ተነሣ። ተንጠራራ። ከመድረኩ ወርዶ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ በሩ አቀና።

ዶክተሩ አፉን ከፈተ፤ አስማማውም ከፈተ። ማኅተሙ ግን ደርቋል።

ወደ ማርያም ሰፈር ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም። ፋጉሎውም አይቆምም፤ በሬውን አቅርባለች፣ ያልተቀበሉት እነሱ ናቸው። ቅርጫውም አልቀረም። ታየች የምትባለው ጎረቤቷ በሩ ላይ ተቀበለቻት።

"መለሱልሽ?"

"መለሱልኝ!"

"እልልል ልል ነበር፣ ሕማማት ሆነብኝ እንጂ" አለች ታየች። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለመሆኑ ስንት ነው ያጠጣሽው?"

ማክሰኞ መሪጌታ ገዳሙ መጡ። ሳይቀመጡ በረቱ ውስጥ ገብተው ዛጎልን ቆመው አዩት። ዛጎልም አያቸው።

"ሲታይ ደኅና ነው" አሉ።

"ሲበላም ደኅና ነው፣ የኔታ።"

"ዶክተሩ ግን ምን ብሎ ነው የጻፈው?"

"ውድቅ።"

መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ። ሠላሳ ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ ከየትኛውም ቃል ሥር አንድ ነገር ፈልፍለው ማውጣት አቅቷቸው አያውቅም። ይችኛዋ ቃል ግን ታችም ላይም የሌላት ሆነችባቸው። "ሰዉ ፈራ፣ የብርጓል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አለ። ሕፃናት አሉ። ከትናንት ወዲህ ሰባት ቤት፣ ከቅርጫው አውጡን ብለውኛል።"

"የኔታ፣ ሃያ ፋሲካ ከእጄ በልታችኋል። አንድ ሰው ሆዱን ቆርጦት ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ያን ጊዜ ዶክተር አልነበረም።"

የብርጓል ዙሪያዋን አየችና ቀረብ አለቻቸው። "እውነቱን ልንገርዎት። እንደሚተኛ አውቅ ነበር። ሲፈቱት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ለእናንተ ብዬ ነው።"

መሪጌታ ደነገጡ፤ ግራ ቀኛቸውን እሳቸውም አዩ። "ይኸንንስ ለሰው እንዳትናገሪ! አረቄውን ያለ ምስክር ያመኑ ሰዎች፣ 'አውቄ ነው' ስትያቸው ምን ሊሉ ነው? ያውም ድርጅቱ ከሰማ የዘጠኙ ሰው ፋጉሎ ቆመ ማለት ነው።"

ልክ ነበሩ። በሬው ጤነኛ እንደሆነ የምታስረዳበት ነገር ሌላ ምንም አልነበራት፤ እሱን ደግሞ አፏ ውስጥ ይዛ መቅረት ሆነባት።

ረቡዕ የከብት መድኃኒት ወደሚሸጠው ወደ የኔአለም ሄደች። የኔአለም የእንስሳት ጤና የተማረ፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው። መጥቶ የዛጎልን ሙቀት ለካ፣ ሆዱን አዳመጠ፣ ዓይኑን ገልጦ አየ።

"እትዬ፣ እንኳን ሊታመም ከእኔ የተሻለ ነው" አለ።

"እንግዲያው ይኸንኑ ጽፈህ ስጠኝ።"

ቦርሳውን መዝጋት ጀመረ። "እሱ ይለፈኝ። የሱ ዲግሪ ነው፣ የኔ ዲፕሎማ። የድርጅቱን ዶክተር ወረቀት በኔ ወረቀት ላፈርስ ነው? መድኃኒቱንም የምሸጠው ለነሱው ውለኞች ነው።"

"አንተ ራስህ ትበላዋለህ?"

"እኔማ እበላዋለሁ!" አለ ደረቱን እየመታ። "ከኔ ጋር ግን አሥራ ሰባት ሰው ይፈልጋሉ።"

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሦስት ቤት ብቻ ቀረ፤ ሦስት ቤት ደግሞ በሬ አይጨርስም። ቀትር ላይ እነሱም ለቀቁ። መጨረሻ የወጣችው ታየች ናት። መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜ ቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ስትለቅም ቆየች።

"ባሌ ነው እምቢ ያለው" አለች በመጨረሻ። "እኔ ላንቺ የምጨክን ሆኜ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"በሬ ሌላ ተገኝቷል አሉ። አስማማው ከድርጅቱ በረት ፈልጎ አወጣላቸው። ወረቀት አለው።"

"ጅራቱን ያየው አለ?"

ታየች ቀና ብላ አየቻት። "ወረቀት አለው አልኩሽ እኮ።"

ዓርብ የብርጓል እስከ ማታ ሰገደች። ቅዳሜ ወረቀት ያለው በሬ ማርያም ሰፈር ገባ። ከበረቷ ቀዳዳ አየችው። ጅራቱን መያዝ አላስፈለጋትም፤ የዳሌው አጥንት ከመንገዱ ማዶ ይታይ ነበር። የፋሲካ ዕለት ታየች መደቧን በሰሐን አመጣችላት፤ ሰው አልከፋባትም፣ ድርሻዋን አስበውላታል። ሥጋው ከማነሱ መድረቁ ባሰ። ሰዉ ሁሉ ሲያኝክ ዋለ፤ መሪጌታ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ድረስ ስንጥር ከአፋቸው አልወረደም። ማንም ግን ጠነከረ አላለም። የብርጓልም ድርሻዋን በላች። በግድግዳው ማዶ ዛጎል ድርቆሹን ሲያላምጥ ይሰማታል፤ የሱ ማላመጥ ከሷ ይቀላል።

ከዚያ በኋላ የደለበ በሬ ቤት ውስጥ ማቆየት ምን ያደርጋል? ዛጎል በየቀኑ ይበላል። ሌላ ገዢ የለም። አርሶ እንዳያበላ ጫንቃው ጮማ ሆኗል። በዳግማ ትንሣኤ ዕለት አስማማው ደጇ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ድርጅቱ እንደገና ልየው ብሏል።"

"ውድቅ ነው አላችሁ እኮ።"

"ያ የዚያን ቀን ነው።"

ሰኞ እንደገና ነዳችው። ሚዛኑ አጠገብ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። አስማማው ሳትጠይቀው አነበበላት፦ ከዛሬ ጀምሮ ከብት ከነገመዱ ይመዘናል፤ የገመዱ ክብደት ይቀነሳል። ያነበበው እሱ ይሁን እንጂ ያስለጠፈው የዛጎል መተኛት ነው። ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ጉንጯ ላይ ብዙ አልቆየም።

ዛጎል ከነገመዱ መድረኩ ላይ ወጣ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ያው ዶክተር፣ ጋዋኑ አሁን ትንሽ ጭቃ ለምዷል፣ ዙሪያውን ዞረው፤ ሆዱን ነካ፣ እግሩን አየ። "ጤነኛ" ብሎ ጻፈ። ማኅተም።

"ደረጃ ሁለት" አለ አስማማው ወረቀቱን አይቶ፣ ዓይኗን ሳያይ። "ስብ በዝቷል። ዐረቦቹ ቀይ ሥጋ ነው የሚፈልጉት።"

ሃያ ዓመት በእጇ ስትፈልገው የኖረችው ጮማ ነው። ወደ ዶክተሩ ዞረች።

"ልጄ፣ ይኸ በሬ ያን ጊዜም ይኸው ነበር።"

"የዛሬውን ነው የምጽፈው እናቴ።"

"እሺ የዛሬውን አንድ ቅጂ ስጠኝ። ሰፈር ሰው ላሳየው ነው። ሌላ ምንም አላደርግበትም።"

ልጁ አስማማውን አየ። አስማማው ባርኔጣውን አስተካከለ።

"ቅጂው የድርጅቱ ነው፣ እትዬ።"

የቀራት አንድ ነገር ነበር። በዚያ አገር በሬው ይሸጣል እንጂ ገመዱ የሻጭ ነው፤ የከርሞው በሬ ይታሰርበታል። መድረኩ ላይ ወጣች። በጣቶቿ ቋጠሮውን ፈታች፤ የዛጎልን ጫንቃ፣ ቀንበሩ የላጠው ቦታ ላይ፣ አንዴ አሸት አደረገችለት። ገመዱን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጎጠች።

ዛጎል ጉልበቶቹን አጠፈ፣ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ተኛ።

ዶክተሩ አየው። እስክርቢቶውን ክዳኑ ውስጥ ከቶ ኪሱ አስገባው። አስማማው ወደ ሰልፉ ዞሮ የሚቀጥለውን ስም ይፈልግ ጀመር። የብርጓል ግን አልወረደችም። ከተኛው በሬ አጠገብ ቆማ፣ መጀመሪያ በሬውን፣ ቀጥሎ እነሱን አየች። በተራ ድምፅ ጠየቀቻቸው፤ አልጮኸችም፣ ቀልድም አይመስልባትም ነበር።

"እኔስ እዚህ ከጎኑ ብተኛ፣ ውድቅ ብላችሁ ወደ ቤቴ ትመልሱኛላችሁ?"

አስማማው የሚቀጥለውን ስም ጠራ።